በስክሪን ሪደር ከድረ ገጽ ጽሑፍ ኮፒ ማድረግ፦ ቅርጹ ሳይጠፋ፣ ቆሻሻው አብሮ ሳይመጣ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ድረ ገጽ ሦስት አንቀጽ ወስጄ ሪፖርት ውስጥ አስገባሁ። ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልኝ ስክሪን ሪደር ጆስ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበበልኝ፤ አንድም የጎደለ ነገር አልነበረም። ሪፖርቱን የተቀበለችው ባልደረባዬ ግን ደወለችና «ሁለተኛው ገጽ ላይ ይህን ሁሉ ባዶ ቦታ ለምን ተውከው?» አለችኝ። ቦታው ባዶ አልነበረም። ድረ ገጹ ጥቁር መደብ ላይ በነጭ ፊደል የተጻፈ ነበር፤ ፊደሉ ነጭነቱን እንደያዘ መጥቶ ነጭ ወረቀት ላይ አረፈ። እኔ ሙሉውን ስሰማ እሷ ምንም አላየችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮፒ ማድረግን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። ስክሪን ሪደር ካልተጠየቀ በቀር የሚነግረን ቃሉን ነው፤ ቀለሙን፣ የፎንቱን መጠን፣ በአንቀጾች መካከል የተረፈውን ክፍተት አይነግረንም። ስለዚህ ምን እንደወሰድን፣ ምን ይዞ እንደመጣ ጠይቀን ማወቅ አለብን። ከዚህ በታች ያለው በዊንዶውስ ላይ ኤንቪዲኤ ወይም ጆስ የሚባሉትን ስክሪን ሪደሮች ለሚጠቀም ሰው የተጻፈ ነው። ስለ ማክና ስለ ስልክ ወደ መጨረሻው አካባቢ በአጭሩ እመለሳለሁ።

ስለ ቁልፎቹ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። «ኢንሰርት» የምለው የስክሪን ሪደሩን ማዘዣ ቁልፍ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ካፕስ ሎክን ለዚህ ሥራ የመደባችሁ ያንኑ ተጠቀሙ። ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12 ያሉት ቁልፎች ድምፅ ወይም ብርሃን የሚቀንሱ ከሆነም ኤፍኤን የሚባለውን ቁልፍ አብራችሁ ተጫኑ። ብዙ ሰው «አይሠራልኝም» ብሎ የሚተወው በዚህች ምክንያት ብቻ ነው።

ገጹ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው

ድረ ገጽ ስንከፍት ስክሪን ሪደሩ ይዘቱን ወስዶ ለራሱ እንደ አንድ ረጅም ሰነድ ይደረድረዋል። በቀስት ወደ ታች የምንወርድበት፣ ኤችን ተጭነን ከርዕስ ወደ ርዕስ የምንዘልበት ይህ የራሱ ቅጂ ነው። ኤንቪዲኤ ላይ ብራውዝ ሞድ፣ ጆስ ላይ ቨርቹዋል ከርሰር ይባላል። የሚያይ ሰው በማውስ እየጎተተ የሚመርጠው ግን ብራውዘሩ የያዘውን ገጽ ነው።

ልዩነቱ የሚወጣው ኮፒ ስናደርግ ነው። ከስክሪን ሪደሩ ቅጂ ስንወስድ ክሊፕቦርድ (ኮፒ ያደረግነው እስኪለጠፍ የሚቆይበት ቦታ) ላይ የሚገባው ጥሬ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ርዕሱ ተራ መስመር ይሆናል፣ ሊንኩ አድራሻውን ይጥላል፣ የሠንጠረዡ ሴሎች አንዱ ከሌላው በታች ይደረደራሉ። ከብራውዘሩ ስንወስድ ደግሞ ርዕሱም፣ ሊንኩም፣ ሠንጠረዡም ይመጣል፤ ፎንቱ፣ ቀለሙና ሥዕሉም ሳይጠሩ ይከተላሉ።

እዚህ ላይ ክሊፕቦርድ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ብዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል። ከብራውዘር ኮፒ ሲደረግ ክሊፕቦርዱ ያንኑ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ በተለያየ መልክ ይይዘዋል፦ አንዱ ከነኤችቲኤምኤል ቅርጹ፣ ሌላው ጥሬው። ዎርድ ላይ ፔስት ሲደረግ ፕሮግራሙ ቅርጽ ያለውን ያነሳል፤ ጥሬ ጽሑፍ ብቻ የሚቀበል ፕሮግራም ጥሬውን ይወስዳል። ስለዚህ «እዚያ ላይ ስለጥፈው ርዕሱ አለ፣ እዚህ ላይ ስለጥፈው ጠፋ» የሚባለው ነገር ብልሽት አይደለም። ተቀባዩ ፕሮግራም የፈለገውን መልክ መርጦ ነው።

የትኛውን እንደሚወስዱ መጀመሪያ ይወስኑ

ኤንቪዲኤ ለረጅም ዓመታት ከድረ ገጽ የሚወስደው ጥሬውን ብቻ ነበር። በ2024.1 እትሙ ግን የብራውዘሩን ምርጫ የሚጠቀም አሠራር ጨመረ፤ መጀመሪያ የመጣው ለፋየርፎክስ ነው። ገጹ ላይ ሆነው ኢንሰርት+ሺፍት+ኤፍ10 ሲጫኑ ይበራል፣ ደግመው ሲጫኑ ይጠፋል። ሲበራ በሺፍትና በቀስት የመረጡትን ኮንትሮል+ሲ ከነቅርጹ ይወስደዋል።

ጆስ ላይ ድረ ገጽ ከፍተው ኢንሰርት+ቪ ይጫኑ። የፈጣን ማስተካከያው መስኮት ይከፈታል፤ እዚያ ስለ መምረጥና ኮፒ ስለማድረግ የሚናገረውን መስመር ይፈልጉ። ምርጫው ሁለት ነው፦ ከቨርቹዋል ከርሰር የሚወስደው ጥሬውን ይሰጣል፤ ስክሪኑ ላይ እያደመቀ ሙሉ ይዘቱን የሚወስደው ከነቅርጹ ያመጣል። የእኔ ነጭ ፊደል የመጣው በሁለተኛው ነበር።

የእኔ ልማድ ይህ ነው፦ ሁለት ሦስት አንቀጽ ከሆነ ጥሬውን ወስጄ ርዕሱን በእጄ አበጃለሁ። ሠንጠረዥ፣ ብዙ ሊንክ ወይም በደረጃ የተከፋፈለ ረጅም ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ከነቅርጹ ወስጄ አጸዳለሁ። ጥሬ የመጣን ሠንጠረዥ መልሶ መገንባት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከነቅርጹ የመጣን ጽሑፍ ማጽዳት ግን አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ጥሬ ጽሑፍ ሲወስዱ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሥዕል ባለበት ቦታ የሥዕሉ መግለጫ እንደ ተራ ቃል ሆኖ በዓረፍተ ነገሮቹ መካከል ሊገባ ይችላል። «ፈገግ ያለች ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ» የሚል መስመር ከየት መጣ ብለው እንዳይደነግጡ፤ ሰርዘው ይለፉ።

መምረጥ፦ ሺፍትን ይዞ መሬት ለመሬት ከመሄድ ይልቅ

ኮንትሮል+ኤ ተጭኖ ሁሉንም መውሰድ ያጓጓል። ግን ገጹን ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ያመጣዋል፦ ማውጫው፣ የኩኪ ማስጠንቀቂያው፣ «ወደ ዋናው ይዘት ዝለል» የሚለው ሊንክ፣ የግርጌው መብት መግለጫ ሁሉ። በሺፍትና በታች ቀስት መስመር በመስመር መውረድም ለአምስት መስመር ነው እንጂ ለሦስት ገጽ አይሆንም፤ መሐል ላይ ጣት ሲንሸራተት ምርጫው ይጠፋና እንደገና ከላይ መጀመር ነው።

ረጅም ጽሑፍ ላይ የሚሻለው ጫፍና ጫፉን ማመልከት ነው። በኤንቪዲኤ እንዲህ ይደረጋል፦

1. በኤች ወይም በቁጥር 2 (ሁለተኛ ደረጃ ርዕስ) እየዘለሉ ወደሚፈልጉት ክፍል ይሂዱ። ርዕስ የሌለው ገጽ ከሆነ ዲ ወደ ዋና ዋና የገጹ ክፍሎች ይወስድዎታል።
2. ምልክት ከማድረግዎ በፊት መጨረሻውን ያጣሩ። አንድ ጊዜ እስከ ታች ሄደው ከክፍሉ ቀጥሎ የሚመጣው ርዕስ ምን እንደሆነ ይስሙ፤ ከዚያ በሺፍት+ኤች ይመለሱ። ይህችን የሚዘልላት ብዙ ነው፤ በኋላ ማስታወቂያ ወይም «ተዛማጅ ጽሑፎች» አብሮ የሚመጣው ለዚህ ነው።
3. መጀመሪያው ላይ ቆመው ኢንሰርት+ኤፍ9 ይጫኑ። መነሻው ላይ ምልክት ተደረገ።
4. ኤችን ተጭነው ወደ ቀጣዩ ርዕስ ይዝለሉ፣ በላይ ቀስት ወደ ክፍሉ የመጨረሻ መስመር ይመለሱ፣ ኤንድ የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። ኤንድን ከረሱ የመጨረሻው መስመር የመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ይመጣል።
5. ኢንሰርት+ኤፍ10 አንዴ ሲጫኑ በመካከል ያለው ይመረጣል፤ በፍጥነት ሁለቴ ሲጫኑ ጥሬው ኮፒ ይሆናል።
6. ኢንሰርት+ሲ ይጫኑና ክሊፕቦርዱን ያዳምጡ። ጽሑፉ ረዥም ከሆነ ኤንቪዲኤ አያነበውም፣ ስንት ፊደል እንደሆነ ብቻ ይነግራል። ከአራት አንቀጽ ሠላሳ ፊደል መጥቶ ከሆነ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

መነሻውን የት እንዳደረጉት ከረሱ ኢንሰርት+ሺፍት+ኤፍ9 ወደዚያው ይመልስዎታል። ሠንጠረዥ ወይም ዝርዝር ውስጥ ሲሆኑ ደግሞ ኮማ ወደ መጨረሻው፣ ሺፍት+ኮማ ወደ መጀመሪያው ይወስዳል፤ ባለ ሃምሳ ነጥብ ዝርዝርን ለመቁጠር አይደክሙም።

ከነቅርጹ መውሰድ ሲፈልጉ ግን ሁለቴ የሚጫኑት ኤፍ10 አይጠቅምም፤ የሚሰጠው ጥሬውን ነው። የብራውዘሩን ምርጫ አብርተው በሺፍት+ኮንትሮል+ታች ቀስት አንቀጽ በአንቀጽ ይምረጡ፣ ከዚያ ኮንትሮል+ሲ።

በጆስ ሥራው ተመሳሳይ ነው፣ ቁልፉ ይለያያል። መነሻው ላይ ኮንትሮል+ዊንዶውስ+ኬ ጊዜያዊ ምልክት ያደርጋል። መድረሻው ላይ ኢንሰርት+ስፔስ ተጭነው ይልቀቁና ኤምን ይጫኑ፤ በመካከሉ ያለው ይመረጣል። ከዚያ ኮንትሮል+ሲ። ዋናው ጽሑፍ የሚጀምርበት ለመድረስ ኪውን ይሞክሩ። ጆስ ላይ ወደ ገጹ ዋና ክፍል ይወስዳል፤ ኤንቪዲኤ ላይ ግን ኪው ጥቅስ ፈላጊ ስለሆነ ሁለቱን የምትጠቀሙ እንዳትደናገሩ።

ከተለያየ ቦታ መሰብሰብ ካስፈለገ ጆስ ላይ ኢንሰርት+ዊንዶውስ+ሲ አዲሱን ምርጫ በቀድሞው ላይ ይጨምራል። የየትኛውም ስክሪን ሪደር ተጠቃሚ ደግሞ የዊንዶውስን የክሊፕቦርድ ታሪክ መጠቀም ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ላይ የገባ ነው። ዊንዶውስ+ቪ ሲጫኑ የመጨረሻዎቹ 25 ኮፒዎች ይዘረዘራሉ፤ በቀስት መርጠው ኢንተር። መጀመሪያ ላይ እንዲበራ ይጠይቃል፣ ያብሩት። አምስት ቦታ አምስት ጊዜ መመላለስ ቀርቶልኛል።

ንባብ ብቻ የሚያሳየውን ገጽታም አይርሱ። ፋየርፎክስና ኤጅ ላይ ኤፍ9ን ብቻውን ሲጫኑ ገጹ ማስታወቂያውንና ማውጫውን ጥሎ ዋናው ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። ሁሉም ገጽ ላይ አይሠራም፤ በሠራበት ግን ያ ሁሉን የሚወስደው ኮንትሮል+ኤ እንኳ ንጹሕ ይሆናል። ዜናና ረጅም ጽሑፍ ስወስድ መጀመሪያ የምሞክረው ይህንን ነው።

ሊንኮች

ጥሬ ስንወስድ የሊንኩ ስም ይቀራል፣ አድራሻው ይጠፋል። «እዚህ ይጫኑ» የሚል ቃል አድራሻ ከሌለው ለማንም አይረባም። ሊንኩ ላይ ቆመው የአፕሊኬሽን ቁልፉን ወይም ሺፍት+ኤፍ10 ይጫኑ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የሊንኩን አድራሻ ኮፒ የሚያደርገውን ይምረጡ። ኤንቪዲኤ ላይ ኢንሰርት+ኬ አድራሻውን ያነባል፤ ሁለቴ ሲጫኑት በፊደል በፊደል ሊያዳምጡት በሚችሉት መስኮት ይከፍተዋል። ሳልከፍት ወዴት እንደሚወስደኝ ማወቅ ስለምፈልግ ይህን ቁልፍ ለኮፒ ብቻ ሳይሆን ለጥንቃቄም እጠቀምበታለሁ።

ተቃራኒው ችግር ደግሞ አለ፦ ከነቅርጹ የመጣ ጽሑፍ በሊንክ ተሞልቶ በየቃሉ «ሊንክ፣ ሊንክ» እያለ ሲያደክም። ዎርድ ላይ ያንን ክፍል መርጠው ኮንትሮል+ሺፍት+ኤፍ9 ሲጫኑ ሊንኮቹ ሁሉ ተራ ጽሑፍ ይሆናሉ።

ዎርድ ላይ መለጠፍና ማጽዳት

ለጥፈው እንደጨረሱ እጅዎን ከማንሳትዎ በፊት ኮንትሮልን ብቻውን አንዴ ይጫኑና ይልቀቁ። የአለጣጠፍ ምርጫዎቹ ይከፈታሉ፦ ኬ የምንጩን መልክ እንዳለ ያቆያል፣ ኤም ከእርስዎ ሰነድ ጋር ያዋህዳል፣ ቲ ጥሬ ጽሑፉን ብቻ ያስቀራል። ለብዙ ሥራ ኤም ልክ ነው። አዳዲሶቹ የዎርድ እትሞች ላይ ኮንትሮል+ሺፍት+ቪ በቀጥታ ጥሬውን ይለጥፋል፤ ብራውዘር ውስጥ ባሉ የመጻፊያ ሳጥኖችም ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ከዚያ ጽዳቱ ይጀመራል። መጀመሪያ የመጣውን ክፍል ብቻ ይምረጡ፤ የራስዎን ጽሑፍ አብረው እንዳያጥቡት። ኮንትሮል+ስፔስ የፊደሉን ቀለም፣ መጠንና ፎንት ወደ ሰነዱ መደበኛ ይመልሳል፤ ኮንትሮል+ኪው የአንቀጹን ክፍተትና ጠርዝ ይመልሳል። የመጀመሪያው ደማቅና ዘንበል ያሉ ቃላትንም ስለሚያጠፋ አጽንኦቱ ትርጉም ያለው ጽሑፍ ከሆነ የትኞቹ ቃላት እንደነበሩ አስቀድመው ይያዙ።

ቀጥሎ የማይሰሙት ነገሮች ይመጣሉ። ድረ ገጾች አንቀጽን በባዶ መስመር፣ መስመርን ደግሞ አንቀጽ ባልሆነ ቁራጭ ይለያሉ፤ ስክሪን ሪደር ሁለቱንም በተመሳሳይ ዝምታ ያልፋቸዋል። ኮንትሮል+ኤች ተጭነው የመፈለጊያና መተኪያውን መስኮት ይክፈቱ። ዎርድ እነዚህን ምልክቶች በ ^ እና በአንድ የእንግሊዝኛ ትንሽ ፊደል ይጽፋቸዋል፤ ^ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ሺፍት+6 ነው። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከሆነ እዚህ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩ፣ አለበለዚያ ምንም አያገኝም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

በመጀመሪያ ^ እና ኤል (የመስመር ቁራጭ) የሚለውን በ ^ እና ፒ (የአንቀጽ ምልክት) ይተኩ። ቀጥሎ ^ እና ኤስ (የማይሰበር ባዶ ቦታ) የሚለውን በአንድ ተራ ስፔስ ይተኩ። በመጨረሻ ^ እና ፒን ሁለት ጊዜ ጽፈው በአንድ ይተኩ፤ ይህን የመጨረሻውን ዎርድ የተካው ቁጥር ዜሮ ወይም አንድ እስኪሆን ይደጋግሙ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ባዶ መስመሮቹ ጸድተው ሲያበቁ የመስመር ቁራጮቹ አዲስ ባዶ መስመር ይወልዳሉ። ሁሉንም እንዲተካ የሚያዘው አልት+ኤ ነው።

ርዕሶችን እንደገና ማበጀት ደስ የሚል ሥራ ነው፣ ፈጣንም ነው። ርዕሱ መስመር ላይ ቆመው ኮንትሮል+አልት+1፣ 2 ወይም 3 እንደ ደረጃው ይጫኑ። ፊደሉን ማተለቅና ማድመቅ ብቻውን ርዕስ አያደርገውም፤ የሚያይ ሰው ርዕስ ይመስለዋል፣ እኛን ግን ኤች አያደርሰንም። ተራ አንቀጽ ሆኖ ሳለ ርዕስ የሆነብዎትን ኮንትሮል+ሺፍት+ኤን ወደ ተራ ይመልሰዋል። ለዝርዝር ኮንትሮል+ሺፍት+ኤል ነጥቦቹን ያስገባል። ድረ ገጹ ላይ በሰረዝ ወይም በኮከብ የተጀመሩ መስመሮችን እንዳሉ አይተዉ፤ ሰረዙን አጥፍተው እውነተኛ ዝርዝር ያድርጓቸው።

ሠንጠረዥ ከነቅርጹ ሲመጣ ኮንትሮል+አልት ይዘው በቀስት ከሴል ወደ ሴል ይሂዱ፤ በሁለቱም ስክሪን ሪደሮች ይሠራል። የረድፍና የዓምድ ቁጥር እየተናገረ ካለፈ ሠንጠረዡ ደህና መጥቷል። «ሠንጠረዥ ውስጥ አይደሉም» ካለዎት ወይም ዝም ካለ ግን ያዩት ነገር በታብ የተደረደረ ጽሑፍ ነው። በቁጥር የተሞላ ከሆነ ዎርድ ላይ ከመታገል ኤክሴል ላይ ለጥፈው እዚያው ቢያስተካክሉት ይቀላል።

ሲያልቅ ኤንቪዲኤ ተጠቃሚ ኢንሰርት+ስፔስ፣ ጆስ ተጠቃሚ ኢንሰርት+ዜድ ተጭኖ ዎርዱ ውስጥ እንደ ድረ ገጽ በኤች ይዝለል። ርዕሶቹ በደረጃቸው ተራ በተራ ከመጡ መዋቅሩ ቆሟል።

ምልክቱ የሚሰማበት መንገድ

ለድረ ገጽ ወይም ለመልእክት የምታዘጋጁ ከሆነ ማርክዳውን የሚባለውን አጻጻፍ ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው። ርዕስ በ # ይጀምራል፣ ሁለተኛ ደረጃው በ ##፤ የዝርዝር ነጥብ በ * ወይም በ -፤ ደማቅ ቃል በሁለት ሁለት ኮከብ ይታቀፋል፤ ሊንክ ስሙ በ [ ] አድራሻው በ ( ) ይጻፋል። ለእኛ ያለው ጥቅም ትልቅ ነው፦ ቅርጹ ራሱ ፊደል ስለሆነ በቀስት ስንሄድ እንሰማዋለን፣ ጥሬ ኮፒ ሲደረግም አይጠፋም። የስክሪን ሪደሩን የሥርዓተ ነጥብ ንባብ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው፤ ኤንቪዲኤ ላይ ኢንሰርት+ፒ ደረጃውን ይቀያይራል።

ማክና ስልክ

ማክ ላይ ቮይስኦቨር የሚባለው ስክሪን ሪደር ማዘዣ ቁልፉ ኮንትሮልና ኦፕሽን አብረው ናቸው። ከሪተርን ጋር አንዴ ተጭነው መምረጥ ይጀምራሉ፣ ሄደው ደግመው ሲጫኑ ያበቃል፣ ኮማንድ+ሲ። ኦፕሽን+ሺፍት+ኮማንድ+ቪ ሲለጥፉ ያለው ሰነድ መልክ ይይዛል። አሁን የተነገረውን ብቻ መያዝ ሲፈልጉ የቮይስኦቨር ቁልፉ ከሺፍትና ከሲ ጋር ይበቃል። አይፎን ላይ ይኸው ሥራ በሦስት ጣት አራት ጊዜ በመንካት ይከናወናል፤ አንድሮይድ ላይ ደግሞ ቶክባክ በሚባለው ስክሪን ሪደር ዝርዝር ውስጥ የመጨረሻውን የተነገረ ሐረግ ኮፒ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ስልክ ቁጥርና ኮድ ለመያዝ ከዚህ የሚፈጥን የለም። ሦስት ገጽ ለማውጣት ግን ስልክ ላይ ባትታገሉ እመክራለሁ፤ ሊንኩን ለራሳችሁ ልካችሁ ኮምፒውተር ላይ ሥሩት።

ከመላክዎ በፊት

የለጠፉት ክፍል መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ላይ ቆመው ኢንሰርት+ኤፍ ይጫኑ፤ ኤንቪዲኤም ጆስም ፎንቱን፣ መጠኑንና ቀለሙን ይናገራሉ። ከዚያ በራስዎ እጅ የጻፉት መስመር ላይ ሄደው ያንኑ ይጫኑ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ካልተናገሩ ያ ክፍል አልጸዳም፤ መርጠው ኮንትሮል+ስፔስ፣ ኮንትሮል+ኪው፣ ከዚያ እንደገና ኢንሰርት+ኤፍ። እኔ ያን ቀን ይህን አንድ ቁልፍ ብጫን ኖሮ ጆስ «ነጭ» ይለኝ ነበር።